ሆኖ ማየት

ከሚሴ ውስጥ ወደ አንዱ መሥሪያ ቤት ገብታችሁ ኃላፊውን ብትፈልጉ መጀመሪያ የምታገኙት ሰሌዳውን ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ይሆናል፤ ሰሌዳው ግን ሁልጊዜ አለ። ከላይ በኦሮምኛ፣ ከሥር በአማርኛ፣ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት እየተባለ ተጽፎበት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ባለጉዳይ ተራውን ሲጠብቅ ያነበዋል፤ ወረፋው ከረዘመ ደግሞ በቃሉ ይይዘዋል።

የእኛን መሥሪያ ቤት ሰሌዳ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ሁለቱን ቀን ያሳለፍኩት ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ምን እንደጻፉ እየዞርኩ በማንበብ ነበር። ራዕይ ሲጻፍ መጨረሻው የታወቀ ነው፤ «ሆኖ ማየት» ይላል። ተመራጭ ተቋም ሆኖ ማየት፣ ኑሮው የተሻሻለ ኅብረተሰብ ተፈጥሮ ማየት። የሚያየው ማን እንደሆነ አይጻፍም። ትምህርት ቤት ሳለን ዐረፍተ ነገር ባለቤት ሊኖረው ይገባል ብለው አስተምረውን ነበር፤ ራዕይ ግን ባለቤት የለውም። ያኔ ይህን ልብ አላልኩም። ልብ ያሉት ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገሩም የጀመረው ከዚያ ነው።

የተማርኩት ኅብረት ሥራ ነው። ሥራዬ ገበሬ ማደራጀት፣ መተዳደሪያ ደንብ ማርቀቅ፣ ቃለ ጉባኤ ማስያዝና ሪፖርት መላክ ነው። ገበሬዎቹ ግን «ኢንጂነር» ይሉኛል። መጀመሪያ አካባቢ አይደለሁም እያልኩ አርማቸው ነበር፤ ቀጥሎ ተውኩት፤ ኋላ ላይ ወደድኩት። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ከሚሴ፣ ከአስፋልቱ ዳር ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ስለነበር ኦሮምኛውንም አማርኛውንም የቀሰምኩት ከደንበኞቹ ነው። ገጠሩን የማውቀው በገበያ ቀን ወደ እኛ ሲመጣ ነበር። እኔ ወደ እሱ መሄድ የጀመርኩት ደመወዝተኛ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ያውም በሞተር ሳይክል፣ ያውም መንገዱ እስከሚያስኬድ ድረስ ብቻ።

ሰሌዳው ከመጻፉ በፊት ሥልጠና ወስደን ነበር። በአንድ ሆቴል አዳራሽ አምስት ቀን ሙሉ ስለ አመራርና ስለ ራዕይ ተማርን። አሠልጣኙ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ሲናገር የሚያምርበት ሰው ነበር። ግድግዳው ላይ ገደል አናት ያረፈ ንስር አሳየንና መሪ ማለት ይህ ነው አለን፤ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ሌላው የማያየውን ያያል። እኔ ከፊት ተቀምጬ አንዲት ቃል ሳላስቀር ጻፍኩ። ዛሬ ሳወራው እስቅበታለሁ። ያኔ ግን ልቤን ነክቶት ነበር፤ ቤቴ ስገባ ለባለቤቴም ነግሬዋለሁ። እሱ እራት ቀርቧል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

በጨፋ ሜዳ ላይ ከቦርከና ወንዝ የሚወጣ አንድ የቆየ ቦይ አለ። ከራሱ እስከ ጅራቱ ድረስ በእግር ለመሄድ ፈጠን ለሚል ሰው ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ክረምት አልፎ ወንዙ ሲጎድል ገበሬው በአንድ ቀን ወጥቶ ቦዩን ይጠርጋል፤ ወንዙን በድንጋይና በቅርንጫፍ ይጠልፋል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ከዚያ ውሃው በተራ ይከፋፈላል። ተራውን የሚያስከብረው በራሱ በገበሬው የተመረጠ አንድ ሰው ነው። በአማርኛ የውሃ አባት ይሉታል፣ በኦሮምኛ አባ ቢሻኒ። ደመወዝ የለውም፣ ማኅተም የለውም፤ ያለው ዱላና እግር ነው።

እኔ በደረስኩበት ጊዜ የውሃ አባት የነበሩት ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ሲያዝዙ ሰምቼ አላውቅም። አንዱ ተራው ሳይደርስ ውሃ ቢጠልፍ ሄደው ማሳው ዳር ይቆማሉ አሉ፤ ምንም አይናገሩም፤ ሰውየው ራሱ አፍሮ እስኪዘጋ ድረስ ይቆማሉ። ይህን ሲነግሩኝ አሠራሩ ኋላቀር ነው ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ማስታወሻው አሁንም አለኝ።

ያን ዓመት ድንጋይና ቅርንጫፉ ቀርቶ በሲሚንቶ የተሠራ መጥለፊያ ተሠራ። በመዞሪያ የሚከፈት የብረት በርም ተገጠመለት። በሩ ቁልፍ አለው። ቁልፍ ካለ ደግሞ ቁልፍ ያዥ ያስፈልጋል፤ ቁልፍ ያዥ ካለ ኮሚቴ፣ ኮሚቴ ካለ ደንብ። ማኅበሩን እንዳደራጅ ታዘዝኩ። ናሙና ደንብ ተሰጠኝ፤ ስሙንና ቦታውን መሙላት ብቻ ነበር የቀረው። እኔ ግን ሥልጠና የወሰድኩ ሰው ነኝና አንዲት ሐረግ ጨመርኩበት። ናሙናው ሰብሳቢው ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ በሥራው አርአያ የሆነ ይላል። እኔ «መሬቱ ለመጥለፊያው የቀረበ» የሚል አከልኩ። ምክንያቴ ግልጽ ነበር። በሩን በቅርብ ያየዋል፤ ጎርፍ ቢመጣ ቶሎ ይደርሳል። እውነቱን ለመናገር ንስሩም በዓይኔ ላይ ነበረ። ሰብሳቢ ከላይ ነው መቆም ያለበት።

ስብሰባው በትልቅ ዋርካ ሥር ተደረገ። ዱዓ ከተደረገ በኋላ ተነሥቼ የማኅበሩን ራዕይ አነበብኩ፤ እሱንም ያረቀቅኩት እኔው ነኝ። በጨፋ ሜዳ ላይ ውሃ በፍትሕ የሚዳረስበት፣ እያንዳንዱ ገበሬ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ አምርቶ ኑሮው የተለወጠበት ማኅበር ሆኖ ማየት። አነባበቤ ጥሩ ነበር። ስጨርስ ተሰብሳቢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአንድነት «ኸይር ነው፣ ኸይር ያድርገው» አለ።

መረቁኝ ብዬ ደስ አለኝ። ለመቀመጥ ስል ነው ነገሩ የገባኝ። ይህ እኛ ቤት እናቴ ጠዋት ተነሥታ ያየችውን ስትነግረን የምንላት ነው። ሰው ሕልሙን ሲያወራ የሚባል ነው። ራዕይ ስላቸው ሕልም ነው የመሰላቸው። ሰው ሕልም ሲነግርህ ደግሞ ኸይር ያድርገው ማለት ወግ ነውና ወጉን አደረሱልኝ።

ሽማግሌው የውሃ አባት እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ይሄን አብጁ ያየው ማነው?»

አብጁ በኦሮምኛ ሕልም ነው። መሥሪያ ቤቱ ነው አልኳቸው። ከኋላ አንዱ መሥሪያ ቤት ይተኛል እንዴ ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው አንተ ስትሄድ ነቅቶ አግኝተኸው ታውቃለህ ወይ አለው። ሳቁ በረከተ። እኔም ሳቅኩ፤ ከአንገት በላይ ነበር። ሽማግሌው አልሳቁም። ጥያቄያቸው የምር ነበር። ያየው ሰው ከሌለ ማንን ነው የምንጠይቀው ለማለት ፈልገው እንደሆነ የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ወደ ምርጫው ገባን። ሰብሳቢ የሚሆን ሰው መሬቱ ለመጥለፊያው የቀረበ ይሁን የሚለውን ሳነብ ሽማግሌው እንደገና ተነሡ። ያን ጊዜ እርሳቸውን የመረጧቸው መሬታቸው ከታች፣ ከቦዩ ጅራት ስለሆነ እንደነበር ተናገሩ። ማብራሪያም ሊጨምሩ ነበር። ጊዜው ሄዷል፣ ጸሐዩ ከርሯል፣ እኔም ቀደም ሲል የተሳቀብኝ አልወጣልኝም። እኒህ ሰው ሹመቱን መልቀቅ ከብዷቸዋል አልኩ በሆዴ። በሆዴ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር።

«አባባ፣ ሥልጣንም እንደ ውሃው በተራ ነው» አልኳቸው።

ሰዉ አጨበጨበልኝ። ሽማግሌው ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ በዚያ ስብሰባ ላይ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ቤቴ ስገባ ያቺን አባባሌን ለባለቤቴ ነገርኩት፤ በዚህችስ እሱም ሳቀ።

ሰብሳቢ ሆኖ የተመረጠው ከመጥለፊያው አጠገብ የሚያርስ፣ ሞዴል ገበሬ ተብሎ የተሸለመ፣ አሥረኛ ክፍል የደረሰ ሰው ነው። ሌባ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ለእኔ በቀለለኝ። ሌባ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ሱብሒ ሰግዶ በሩ ዘንድ ይሄዳል፤ ውሃውን ያያል፤ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። በየሳምንቱ ሳያጓድል ይደውልልኛል። ውሃው ሙሉ ነው፣ አልሀምዱሊላህ ይለኛል። እኔም ውሃ ለሁሉም ተጠቃሚ በፍትሐዊነት እየተዳረሰ ይገኛል ብዬ ሪፖርት እጽፋለሁ። ኃላፊያችን አንድ ቀን ይዞኝ ሄደና በሩ ላይ ቆመን ፎቶ ተነሣን። ውሃው ከሥራችን እየተገፋተረ ይወርዳል። ፎቶው የመሥሪያ ቤታችን የፌስቡክ ገጽ ላይ ወጣ፤ ማሻ አላህ የሚል ብዙ ተጻፈበት።

በዚያው ሰሞን ሰብሳቢው ደውሎ አንድ ነገር ነገረኝ። ከቦዩ ጅራት ሁለት ሰዎች ውሃ አልደረሰንም ብለው ይመጡበታል። እሱ ከእነሱ ጋር አልተጨቃጨቀም፤ ይዟቸው በሩ ዘንድ ሄደና ይኸው ውሃው፣ በዓይናችሁ እዩ አላቸው። አይተው ተመለሱ። ይህን ሲነግረኝ በስልክ አብረን ሳቅን። ያን ሳቅ ዛሬም አልወደውም።

አንድ የገበያ ቀን ቢሮዬ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ሴት ገባች። በእኔ ዕድሜ ናት። ጥቁር ሻርፕ ለብሳለች፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አቧራ ነው። ማንነቷን ስጠይቃት የምታርሰው ከቦዩ ላይ የመጨረሻው ማሳ መሆኑን፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆቿን የምታሳድረው በዚያ መሆኑን ነገረችኝ። ዘንድሮ ማሳውን በሙሉ ሽንኩርት አድርጋዋለች፤ ውሃ ይመጣል ተብሏላ። ፌስታሏን ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ሪፖርቱ አጠገብ ዘረገፈችው። ሽንኩርቶቹ የአውራ ጣቴን ጥፍር አያህሉም። ቅጠላቸው ነጥቷል።

ክስ አላሰማችም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ አየችና ምን እንደሚል አንብቢልኝ አለችኝ። አነበብኩላት። መጨረሻው እንደተለመደው ሆኖ ማየት ነው። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና እንደ ወጉ ኸይር ያድርገው አለች። ቀጥላ ገና ሁሉም እንዳልሞተ፣ በዚህ ሳምንት ውሃ ከደረሰለት ግማሹ ሊተርፍ እንደሚችል ነገረችኝ። ከዚያ ተነሣች።

«ኮቱ ኢላሊ» አለችኝ። ነይና እይ ማለት ነው።

በማግሥቱ ሄድኩ። ሞተሩን በሩ ዘንድ አቆምኩና ሰብሳቢውን ቦዩን ይዘን አብረን እንውረድ አልኩት። በሩን ጥሎ መሄድ ከበደው፤ በሩ የትም አይሄድም አልኩት። የቦዩ ራስ ላይ ውሃው እስከ ጉልበት ይደርሳል። ሽንኩርቱ፣ በቆሎው፣ ሁሉም ጥቁር አረንጓዴ ነው። እየወረድን ስንሄድ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ሆነ። እያንዳንዱ ማሳ አጠገብ ትንሽ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ማንም ብዙ አልወሰደም፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ወስዷል። ግማሽ መንገድ ላይ ውሃው ጭቃ ሆነ። ከዚያ እርጥብ አፈር። ከዚያ አቧራ። ከዚያ ወዲያ የሄድነው በደረቅ ቦይ ውስጥ ነው፤ የጫማዬ ዱካ ከኋላዬ ይታየኝ ነበር። ሰብሳቢው ከተመረጠ ጀምሮ እዚያ ወርዶ አያውቅም። እኔም አላውቅም።

የሴትየዋ ማሳ ተሰነጣጥቋል። ከእሷ ማሳ ከፍ ብሎ ባለው ደግሞ ሽማግሌው የድሮው የውሃ አባት ድንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። የእርሳቸውም በቆሎ ተጠቅልሎ ቆሟል። ሰላምታ ሰጡኝ፤ የልጆቼን፣ የባለቤቴን ደኅንነት ጠየቁኝ፤ እንደማንኛውም ቀን። ይህን ሁሉ እያዩ ለምን አንድ ቀን እንኳ እንዳልተናገሩ ጠየቅኳቸው።

«ብናገር ሹመቱ አማረው ይሉኛል ብዬ ነው» አሉኝ። «አንቺስ ያልሽው እሱን አይደል ልጄ?»

ያቺ የተጨበጨበልኝ አባባል አንድ ሰው ብቻ ነበር ዝም ያሰኘችው፤ እሱም መናገር የነበረበት ሰው ነው። አፉ ይበሉኝ አልኳቸው፤ ሰብሳቢው ፊት ነበር፣ ግድ አልሰጠኝም። አፉ ብያለሁ አሉኝ። ከዚያ ያን ቀን ያላስጨረስኳቸውን ነገር ጨረሱልኝ።

«ከላይ የቆመ ሰው ውሃው ሲሄድ ነው የሚያየው። ሲደርስ የሚያየው ከታች ያለ ነው። እኛ ለዚያ ነበር ከታች የምንመርጥ።»

አባቶቻቸው ያወጡት አሠራር ይኸው ነበር። የውሃ አባት መሬቱ ከጅራቱ ነው፤ የሚያጠጣውም መጨረሻ ነው። ለራሱ ማሳ ውሃ ከፈለገ ውሃው የሁሉንም ማሳ አልፎ መምጣት አለበት፤ ስለዚህ ከላይ ማን እንደጠለፈ፣ የት እንደፈሰሰ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ቅንነቱን ማንም አይለካውም፤ መሬቱ ነው የሚያስገድደው። እኔ ይህን ሁሉ በአንዲት ሐረግ ገለበጥኩት። ናሙናው ላይ እንኳ ያልነበረች፣ የራሴ ሐረግ።

ሰብሳቢው ወደ ላይ ተመለሰ። መጀመሪያ የራሱን ማሳ ቀዳዳ በአፈር ደፈነ፤ ከዚያ እየለመነ የሌላውን። ሦስት ቀን ቦዩ ዳር ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን የደረቀ ቦይ ውሃ ይጠጣል፤ ስንጥቁን ሳይጠግብ አያሳልፍም። ውሃው ሴትየዋ ማሳ የደረሰው በስድስተኛው ቀን ነው። ሽንኩርቱ አልተረፈም። ያን ዓመት ልጆቿን የመገበችው ከላይ ባሉት ማሳዎች እየዞረች የሰው ሽንኩርት በቀን ሥራ በመንቀል ነው። የሰብሳቢው ማሳ ላይም ነቅላለች።

ለኃላፊያችን ነገርኩት። ሐረጓን የጨመርኩት እኔ መሆኔንም ነገርኩት፤ ካልነገርኩት ማንም አያውቅም ነበር። ወጣት ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ብዙ ሰዓት ወስዶ ያዳመጠኝ ሲሆን በመጨረሻ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህን ለበላይ አካል እንዴት አድርገን ነው የምንጽፈው? ፎቶው ወጥቷል፣ ሪፖርቱ ሄዷል። እንደሆነው እንጻፈው አልኩት። ተመካከርን። ደንቡ ጸድቋልና ሰብሳቢው በወረቀት ሰብሳቢ ሆኖ ይቀጥል፣ ቁልፉም በእጁ ይሁን፤ በሩ የሚከፈተውና የሚዘጋው ግን የውሃ አባቱ ሲል ነው ተብሎ አንድ አንቀጽ ይጨመር ተባለ። ለኃላፊ ይህ ትልቅ ድፍረት ነው፤ ያመሰገንኩት ግን ቆይቼ ነው፣ ያን ዕለት ተናድጄ ነበር።

እንደገና ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። በዚህኛው ራዕይ አላነበብኩም። ጥፋቱ የእኔ ነበር ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ አዲሱን አንቀጽ አነበብኩና የውሃ አባት ምረጡ አልኳቸው። ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞረ፤ እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ስማቸውን ልጽፍ ብዕሬን አወጣሁ። ሽማግሌው ግን እምቢ አሉ።

«የመጨረሻው መሬት የኔ አይደለም፣ የሷ ነው» አሉ ወደ ሴትየዋ እያመለከቱ። «ውሃው እኔ ዘንድ ሲገባ ደረሰ እል ነበር። ስንት ጊዜ ከኔ በታች እንደቀረ አላህ ነው የሚያውቀው። አንድ ቀን ወርጄ አላየሁም። አፉ በይኝ ልጄ።»

ሴትየዋ አፉ ብያለሁ አለች። እኔ በዚያች ቅጽበት የሆነብኝን መግለጽ ይከብደኛል። ልቤ ሽማግሌውን ትክክለኛው መሪ አድርጎ ሾሟቸው፣ ለሌላ ንስር ቦታ አዘጋጅቶ ነበር። እርሳቸው ግን ከእኔም ከሰብሳቢውም የተለዩ እንዳልነበሩ ራሳቸው ተናገሩ፤ ልዩነቱ የአንድ ማሳ ርቀት ብቻ ነው።

ሴት እንዴት የውሃ አባት ትሆናለች የሚል ክርክር ተነሣ። ከወንድ ጋር ቦይ ለቦይ ልትጨቃጨቅ ነው ወይ አሉ። እሷም ባሏ ከሞተ ጀምሮ ያን ስታደርግ እንደኖረች፣ ልዩነቱ እስካሁን ሹመት የሌላት መሆኑ ብቻ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሳቁ። አንዱ በደንቡ ላይ የውሃ እናት ተብሎ ይጻፍ ሲል ሐሳብ አቀረበ፤ እኔም ጥሩ ሐሳብ ነው ብዬ ልጽፍ ስል ከለከለችኝ።

«እናትማ ለልጇ ታዳላለች» አለች። «አባት በሉኝ።»

እንደዚያው ተጻፈ። አንቀጹን ኮምፒውተር ላይ ስጽፍ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ስሕተት መስሏት ሁለት ጊዜ አርማልኛለች። የውሃ አባት የሆነች፣ መሬቷ ከሁሉ በታች ያለ። ሁለት ጊዜ መልሼ እንደነበረ አደረግኩት።

በሚቀጥለው በጋ፣ በሩ በሚከፈትበት ቀን፣ ወደ መጥለፊያው አልሄድኩም። ሞተሩን አስፋልቱ ዳር ትቼ በእግሬ ወደ ቦዩ ጅራት ወረድኩ። የውሃ አባቷ የመጀመሪያው ቀን ውሃ ማንም ሳይነካው እስከ መጨረሻው እንዲወርድ አዝዛለች፤ ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኗል፤ የቦዩ አፈርም ከክረምቱ ገና ብዙ አልደረቀም። እሷ ማሳዋ ዳር ዱላዋን ተደግፋ ቆማለች። ሽማግሌው ከበላይዋ ድንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከጠዋት እስከ ቀትር ጠበቅን።

ቀትር አልፎ ውሃው መጣ። ገለባና የደረቀ ኩበት እየገፋ፣ አረፋ እየሠራ፣ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ማሳዋን ትከፍታለች ብዬ ጠበቅኩ። አልከፈተችም። ውሃው አልፏት፣ ቦዩ ከሚያልቅበት ወዲያ ወዳለው ግጦሽ ወረደ። እዚያ በበጋ ከቆላ የሚመጡ ከብቶች የሚጠጡበት ጉድጓድ አለ፤ እስከዚያ ቀን መኖሩን አላውቅም ነበር። እሷ ተከትላው ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ አየችና ተመልሳ የራሷን ማሳ በዶማ ከፈተች።

ስልኬ ጮኸ። ኃላፊያችን ነው፤ ለሪፖርቱ ፎቶ ያስፈልገዋል። በሩ ላይ ውሃው እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ።

«አላየሁትም» አልኩት።

«እንዴ፣ ታዲያ የት ሆነሽ ነው?»

«ከታች» አልኩት። «ደርሷል።»